ይግባኝ እስኪወሰን የእስራት ቅጣትን ማሳገድ

በወንጀል ጉዳይ ይግባኝ ማለት ቅጣቱን በራሱ አያቆምም። ፍርድ ቤት የእስራት ቅጣት ከወሰነ በኋላ ተቀጪው ወደ ማረሚያ ቤት ይወሰዳል፤ ይግባኙ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ሲሸጋገርም ቅጣቱ ጎን ለጎን እየተፈጸመ ይሄዳል። ስድስት ወር የተፈረደበት ሰው በስምንተኛው ወር በይግባኝ ነጻ ቢባል ያገኘው ፍርድ ከወረቀት አያልፍም፤ ቅጣቱን ጨርሶታልና። እንዲህ ያለው ጉዳት እንዳይደርስ ሕጉ ያበጀው መንገድ የቅጣት አፈጻጸም እግድ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህን በአንቀጽ 188 ያነሳዋል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አቤቱታው ሲያሳምነው የቅጣቱን አፈጻጸም አግዶ ይግባኝ ባዩ በዋስ ወጥቶ እንዲከራከር ሊፈቅድ ይችላል።

እግድ ምሕረት አይደለም። ዳኛው የሚመዝነው ሁለት ነገር ነው፦ ይግባኙ የሚያከራክር ነጥብ እንዳለውና ይግባኝ ባዩ ቢለቀቅ በቀጠሮው ተመልሶ እንደሚመጣ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ እነዚህን ሁለት ነገሮች በወረቀት ለማሳየት የሚያገለግሉ ናቸው።

ደረጃ 1፦ የሚጠየቀውን ነገር መለየት

በፍርድ ቤት ግቢ አራት ቃላት ይደባለቃሉ። አንዱን በሌላው ቦታ የጠየቀ ሰው ደግሞ ጊዜውን ያባክናል።

እግድ ጊዜያዊ ነው። ይግባኙ እስኪወሰን ብቻ ቅጣቱን ያቆማል፤ ጥፋተኝነቱንም የቅጣቱንም መጠን አይነካም።

ገደብ የፍርድ ዓይነት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 190 ጀምሮ ይደነግገዋል። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛውን በውጭ ሆኖ ለተወሰነ የፈተና ጊዜ በመልካም ጠባይ እንዲኖር ያደርገዋል፤ የፈተናው ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው። ገደብ የሚጠየቀው በይግባኝ ቅሬታው ውስጥ እንደ አማራጭ ዳኝነት ነው። «ጥፋተኛ አይደለሁም፤ ይህ ከታለፈ ቅጣቱ በገደብ ይሁንልኝ» ይባላል። እግድ ግን ለብቻው በተጻፈ አቤቱታ ይጠየቃል።

አመክሮ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ለፈጸመና ጠባዩን ላሻሻለ ታራሚ የሚሰጥ መፈታት ነው። ይቅርታ ደግሞ የአስፈጻሚው አካል ሥልጣን ስለሆነ ከይግባኝ ጋር አይያያዝም።

ከመነሳት በፊት አንድ ስሌት መሥራት ይጠቅማል። በእግድ ውጭ የተቆየበት ጊዜ ከቅጣቱ ላይ አይቀነስም፤ ይግባኙ ቢወድቅ ቀሪው ቅጣት ከቆመበት ይቀጥላል። በወንጀል ሕጉ መሠረት ከፍርድ በፊት የታሰረበት ጊዜ ግን ይታሰብለታል። ለምሳሌ አንድ ዓመት ከስድስት ወር የተፈረደበትና ከፍርድ በፊት አምስት ወር የታሰረ ሰው አለ እንበል። የቅጣቱ ሁለት ሦስተኛ 12 ወር ስለሆነ አመክሮ ለመጠየቅ የሚቀረው 7 ወር ነው። ይግባኙ ጠንካራ ከሆነ እግድ መጠየቅ ያዋጣዋል። ለአመክሮ አንድ ወር ብቻ ለቀረውና ይግባኙ ለላላ ሰው ግን እግዱ የማይቀረውን ወር ወደ ፊት ከመግፋት የተለየ ጥቅም ላይኖረው ይችላል።

ደረጃ 2፦ ይግባኝ ሰሚውን ፍርድ ቤት ማወቅ

የእግድ አቤቱታ የሚቀርበው ይግባኙን ለሚያየው ፍርድ ቤት ነው። የፈረደው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ከሰጠ በኋላ በዚያ ጉዳይ ላይ ሥራውን ጨርሷል። «የፈረደብኝ ዳኛ ያውቀኛል፤ እሱው ያግድልኝ» ብሎ ለወረዳው ችሎት ማመልከት የተለመደ ስህተት ነው፤ ውጤቱም ጊዜ ማባከን ነው።

ለምሳሌ በአማራ ክልል በምዕራብ ጎጃም ዞን የይግባኝ መሰላሉ የሚከተለው ነው። በደምበጫ፣ በቡሬ ወይም በጃቢ ጠህናን ወረዳ ፍርድ ቤት የተሰጠ የወንጀል ፍርድ በይግባኝ የሚታየው በፍኖተ ሰላም በሚገኘው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በመጀመሪያ ደረጃ ያየው ከባድ ወንጀል ከሆነ ይግባኙ ባሕር ዳር ላለው ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በፌዴራል ሕግ የሚያስቀጡ አንዳንድ ወንጀሎችን የክልል ፍርድ ቤቶች በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 በተሰጣቸው የውክልና ሥልጣን ያያሉ። በዚያ ሥልጣን በክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሰጠ ውሳኔ ይግባኙ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

በዚህ ደረጃ የሚያስፈልገው አንድ መረጃ ብቻ ነው፦ የፍርዱ ራስጌ። የፍርድ ቤቱ ስም፣ ችሎቱና የመዝገብ ቁጥሩ እዚያ ላይ ይገኛሉ። ፍርዱ ላይ «በውክልና» የሚል ቃል ካለ መንገዱ ስለሚለወጥ ለጠበቃ ወይም ለሬጅስትራሩ ማሳየት ያስፈልጋል።

ደረጃ 3፦ 15 ቀኑንና 30 ቀኑን መያዝ

ይግባኝ ከሌለ እግድ የለም። ስለዚህ እግዱን የሚያበላሸው የመጀመሪያው ነገር የይግባኙ ጊዜ ማለፉ ነው።

የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 187 ሁለት ጊዜ ያስቀምጣል። ይግባኝ የሚል ሰው ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን ያስታውቃል፤ የፍርዱን ግልባጭም ይጠይቃል። ግልባጩ ከደረሰው ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ቅሬታውን ያቀርባል። ታሳሪ ሁለቱንም በማረሚያ ቤቱ አስተዳደር በኩል ማስተላለፍ ይችላል፤ የሰጠበትን ቀን የሚያሳይ ፊርማ ወይም ማኅተም ያለበት ቅጂ ግን መያዝ አለበት።

ቀኑ የሚቆጠረው በቀን እንጂ በወር አይደለም። ጳጉሜንም ትቆጠራለች። ነሐሴ 28 ቀን የተሰጠ ፍርድ ጳጉሜን አምስት በሆነችበት ዓመት 15ኛ ቀኑ መስከረም 8 ላይ ይውላል፤ «ወር ሳይሞላ» ብሎ እስከ መስቀል የጠበቀ ሰው ጊዜው አልፎበታል። የበዓል ሰሞን ጽሕፈት ቤቶች ስለሚዘጉም የመጨረሻውን ቀን መጠበቅ አያስተማምንም።

30 ቀን መብት ነው፤ ተሟጦ ማለቅ ያለበት ጊዜ አይደለም። ታስሮ ይግባኝ የሚጠይቅ ሰው በ30ኛው ቀን ካመለከተ ያን ሁሉ ጊዜ የእግድ ጥያቄው ሳይነሳ ታስሮ ቆይቷል። ቅሬታው በአሥር ቀን ቢያልቅ በአሥረኛው ቀን ማቅረብ ይሻላል።

ጊዜው ያለፈበት ሰው በአንቀጽ 191 መሠረት ይግባኙን ከጊዜው ውጭ እንዲያቀርብ እንዲፈቀድለት ይጠይቃል። መዘግየቱ በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በነበረው ግጭት የደምበጫና የፍኖተ ሰላም መንገድ የተዘጋበት፣ ስልክና ኢንተርኔት የተቋረጠበት ወይም ችሎት ያልተሰየመበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ያለው ምክንያት በቃል ሲነገር ደካማ፣ በማስረጃ ሲደገፍ ጠንካራ ነው። ችሎቱ አለመዋሉን የሚያሳይ የፍርድ ቤቱ ደብዳቤ፣ የሆስፒታል ካርድ ወይም የቀበሌ ማስረጃ ከማመልከቻው ጋር ይያያዛል።

ደረጃ 4፦ ግልባጩን ማውጣትና መፈተሽ

ግልባጭ ሲባል የጥፋተኝነቱ ፍርድ፣ የቅጣቱ ውሳኔና የክሱ ማመልከቻ ነው። የምስክሮች ቃል ያለበት ክፍል ከተገኘ የቅሬታው ጉልበት ይጨምራል። ሰነዱ ከመዝገብ ቤት ሲወጣ በየገጹ ማኅተም መኖሩ፣ ገጽ አለመጉደሉና ግልባጩ የተሰጠበት ቀን መጻፉ ይታይ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚህ ቀን ስለሆነ ቀኑ ያልተጻፈበት ግልባጭ በኋላ ክርክር ያስነሳል።

ስምም ይፈተሽ። በፍርዱ ላይ የአያት ስም ቀርቶ በመታወቂያው ላይ ካለ፣ ወይም የአባት ስም በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ከሆነ የእግዱ ትእዛዝ ማረሚያ ቤት ሲደርስ «ይህ ሰው አይደለም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ልዩነት ካለ ፍርዱን የሰጠው ፍርድ ቤት እንዲያርመው በዚያው ሳምንት ማመልከት ነው።

ደረጃ 5፦ የይግባኙን ቅሬታ ማጥበቅ

የእግዱ ዳኛ በመጀመሪያ የሚያነበው የይግባኝ ቅሬታውን ነው። ቅሬታው የሚያከራክር ነገር ካላሳየ የዋሱ ብዛት አያድነውም።

የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 185 መሠረታዊ ክልከላ አለው፦ ድርጊቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ማለት የሚችለው በቅጣቱ መጠን ወይም ሕጋዊነት ላይ ብቻ ነው። ያመነ ሰው «አላደረግሁም» የሚል ቅሬታ ቢጽፍ ይግባኙ ይወድቃል፤ እግዱም አብሮት ይወድቃል። እንዲህ ያለ ሰው ቅሬታውን በቅጣቱ ላይ ማተኮር አለበት፦ ቅጣቱ ለወንጀሉ ከተቀመጠው ጣሪያ በላይ መሆኑን፣ የቅጣት ማቅለያዎች መታለፋቸውን ወይም ከፍርድ በፊት የታሰረበት ጊዜ አለመታሰቡን።

ክዶ የተፈረደበት ሰው ነጥቦቹን በሦስት ከፍሎ ሊያቀርባቸው ይችላል። የመጀመሪያው የማስረጃ ነጥብ ነው፤ ምስክሮቹ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ ወይም ፍርዱ የጠቀሰው ነገር በመዝገቡ የለም። ሁለተኛው የሕግ ነጥብ ነው፤ ድርጊቱ በተጠቀሰው አንቀጽ አይሸፈንም። ሦስተኛው የሥነ ሥርዓት ነጥብ ነው፤ ለምሳሌ የመከላከያ ምስክር ሳይሰማ ታልፏል። እያንዳንዱ ነጥብ ገጽና መስመር ተጠቅሶ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

የተለመደው ስህተት ቅሬታውን የቤተሰብ ችግር መዘርዘሪያ ማድረግ ነው። የእርሻው ጤፍ ሳይታጨድ መቅረቱና የልጆች ረኀብ ለእግዱ አቤቱታ ደጋፊ ምክንያት ይሆናሉ፤ ለይግባኝ ቅሬታ ግን መሠረት አይሆኑም።

ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ሰው በክልሉ ፍርድ ቤቶች ያለውን የተከላካይ ጠበቃ አገልግሎት ይጠይቃል። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። በፍርድ ቤት ደጃፍ ያለ ማመልከቻ ጸሐፊ የተነገረውን በሥርዓቱ ሊጽፍ ይችላል፤ የይግባኝ ነጥብ መምረጥ ግን የሕግ ባለሙያ ሥራ ነው።

ደረጃ 6፦ የእግዱን አቤቱታ ለብቻው መጻፍ

እግዱ ከይግባኙ ጋር አብሮ ቢገባም በተለየ ወረቀት ይጻፋል። በይግባኝ ቅሬታው መጨረሻ «እግድም ይሰጠኝ» ብሎ መጨመር ጥያቄው እንዲታለፍ ያደርጋል። አቤቱታው ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ መብለጥ የለበትም። አቀራረቡ ይህን ይመስላል፦

ለምዕራብ ጎጃም ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ፍኖተ ሰላም
አመልካች (ይግባኝ ባይ)፦ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ወረዳና ቀበሌ፣ አሁን ያለበት ማረሚያ ቤት
ተጠሪ፦ የወረዳው ዐቃቤ ሕግ
ጉዳዩ፦ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 188 መሠረት ይግባኙ እስኪወሰን የቅጣቱ አፈጻጸም ታግዶ አመልካቹ በዋስ እንዲለቀቅ የቀረበ አቤቱታ

ከዚህ በታች ነጥቦቹ በቁጥር ይሰፍራሉ።

1. የወረዳው ፍርድ ቤት በየትኛው መዝገብ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው አንቀጽ ስንት ዓመት ወይም ወር እንደፈረደ፤
2. ይግባኙ በጊዜው መቅረቡና ዋና ዋና ነጥቦቹ በሁለት ዓረፍተ ነገር፤
3. እግዱ ባይሰጥ ሊመለስ የማይችል ጉዳት እንደሚደርስ፣ ለምሳሌ ይግባኙ ሳይወሰን ቅጣቱ ሊያልቅ እንደሚችል፤
4. አመልካቹ ክሱ በሚታይበት ጊዜ በዋስ ሆኖ ቀጠሮ ሳያጓድል መቅረቡ፣ ቋሚ አድራሻና ቤተሰብ ያለው መሆኑ፣ የቀድሞ ጥፋት የሌለበት መሆኑ፤
5. ሕመም ካለ የሕክምና ማስረጃው፤
6. ሊያቀርበው የሚችለው ዋስ።

መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው ዳኝነት በግልጽ ይጻፋል፦ «ይግባኙ የመጨረሻ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ የእስራት ቅጣቱ አፈጻጸም ታግዶ፣ ፍርድ ቤቱ በሚወስነው የዋስ ግዴታ እንድለቀቅና ትእዛዙ ለማረሚያ ቤቱ እንዲደርስልኝ እጠይቃለሁ።» ቀንና ፊርማ ይከተላል። መዝገብ ቤቱ ቃለ መሐላ የሚጠይቅ ከሆነ አብሮ ይያያዛል። የሕጉ አንቀጾች በየጊዜው ሊሻሻሉ ስለሚችሉ አቤቱታው ከመፈረሙ በፊት ቁጥሮቹ በሥራ ላይ ካለው ሕግ ጋር ይመሳከሩ።

ከነጥቦቹ ሁሉ ክብደት ያለው ሦስተኛው ነው። የቅጣቱ ርዝመትና ይግባኙ የሚፈጀው ጊዜ ሲነጻጸሩ የሚታየው ኪሳራ ዳኛውን ይበልጥ ያሳምነዋል። ስድስት ወር ለተፈረደበት ሰው ይህ ክርክር ጉልበት አለው፤ አሥራ ሁለት ዓመት የተፈረደበት ሰው ግን ይበልጥ መመካት ያለበት በይግባኙ ነጥብ ጥንካሬ ላይ ነው።

የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ሊያስቀጣ የሚችልና ሰው የሞተበት ወይም ሊሞት የሚችልበት ወንጀል ዋስ እንዳይፈቀድ ይከለክላል። በነፍስ ግድያ የተፈረደበት ሰው ስለዚህ በእግድ የመውጣት ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። ገንዘቡንና ጊዜውን ይግባኙ ላይ ቢያውል ይሻለዋል።

ደረጃ 7፦ ዋስና ማስረጃ አስቀድሞ ማዘጋጀት

ፍርድ ቤቱ ዛሬ «በዚህን ያህል ብር ዋስ ይለቀቅ» ብሎ ቢወስን ዋሱ ካልቀረበ ታሳሪው አይወጣም። ስለዚህ ዋሱ ትእዛዙ ከመሰጠቱ በፊት ዝግጁ መሆን አለበት።

ዋስ በተለያየ መልክ ሊቀርብ ይችላል። ጥሬ ገንዘብ ማስያዝ ፈጣኑ መንገድ ነው፤ ደረሰኙ ግን ዋስትናው ሲወርድ ገንዘቡን ለማስመለስ ስለሚያስፈልግ እንደ ግልባጩ በጥንቃቄ ይጠበቅ። በሰው ዋስ ለሚመጣ ደመወዝተኛ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል። በተሽከርካሪ ዋስ ለሚሆን ሰው ሊብሬው፣ በከተማ ቤት ዋስ ለሚሆን ሰው የይዞታ ማረጋገጫው ይቀርባል። የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ አረንጓዴው የይዞታ ደብተር ብቻውን እንደ ንብረት ዋስ ይበቃል ብሎ መገመት አይገባም። ችሎቱ የትኛውን ዋስ እንደሚቀበል መዝገብ ቤቱን ጠይቆ ማወቅ ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም ከመመላለስ ያድናል።

ዋሱ የሚገባበትን ነገር ማወቅ አለበት። ተቀጪው ቀርቶ ቢገኝ የዋሱ ገንዘብ ወይም ንብረት ለመንግሥት ገቢ ሊሆን ይችላል። «ለስሙ ያህል ፈርምልኝ» ብሎ ዘመድን ማስፈረም ዘመድንም ንብረትንም ያሳጣል።

ከዋሱ ጋር የሚዘጋጁት ሰነዶች የነዋሪነት ማስረጃ ከቀበሌ፣ የቤተሰብ ሁኔታ ማስረጃ፣ የሕክምና ማስረጃና፣ ክሱ ሲታይ በዋስ የነበረ ከሆነ ያንን የሚያሳይ የመዝገቡ ክፍል ናቸው።

ስለ ዕርቅም አንድ ነገር ይታወቅ። በገጠሩ ድንበር ተጋፍተው የተጣሉ ጎረቤቶች በሽማግሌ ፊት ከታረቁ በኋላ «ጉዳዩ ቀርቷል» ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ወንጀሉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ካልሆነ ዕርቁ የተወሰነውን ቅጣት አያስቀርም። የዕርቁ ሰነድ ግን ለእግዱ ይጠቅማል፤ ተቀጪው ቢወጣ ደም መላሽ እንደማይፈራና አዲስ ጠብ እንደማይነሳ ያሳያል። ተበዳዩና ሽማግሌዎቹ የፈረሙበትና ቀን የተጻፈበት ሰነድ ከሌላው ማስረጃ ጋር ይያያዝ።

ደረጃ 8፦ ማስገባትና በችሎት መከራከር

ይግባኙ፣ የእግዱ አቤቱታና ማስረጃዎቹ በአንድ ጥራዝ ይደራጃሉ። ለፍርድ ቤቱ፣ ለተጠሪውና ለአመልካቹ አንድ አንድ ቅጂ ያስፈልጋል። መዝገብ ቤቱ ሲቀበል የራስ ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና አዲሱ የይግባኝ መዝገብ ቁጥር ይጻፋል። ይህን ቁጥር ያልያዘ ቤተሰብ በሚቀጥለው ሳምንት ጉዳዩን ፈልጎ አያገኝም።

ችሎቱ በቅድሚያ የሚወስነው ይግባኙ «ያስቀርባል» ወይስ «አያስቀርብም» የሚለውን ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 195 ይግባኝ ሰሚው በቂ ምክንያት የሌለውን ይግባኝ ተጠሪውን ሳይጠራ እንዲዘጋው ሥልጣን ይሰጠዋል። «አያስቀርብም» ከተባለ የእግዱም ጥያቄ አብሮ ያበቃል። «ያስቀርባል» ሲባል ዐቃቤ ሕጉ ይጠራል፤ እግዱንም በተመለከተ አስተያየቱ ሊጠየቅ ይችላል። ዐቃቤ ሕግ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ተቀጪው ይጠፋል፣ ምስክሮችን ያስፈራራል ወይም ሌላ ወንጀል ይፈጽማል የሚል ነው። ለእያንዳንዱ ስጋት ከመዝገቡ አንድ መልስ መዘጋጀት አለበት፦ በዋስ እያለ ቀጠሮ አላጓደለም፤ ምስክሮቹ ቃላቸውን ሰጥተው ጨርሰዋል፤ ዕርቅ ወርዷል።

በችሎት ንግግሩ አጭር ይሁን። «ንጹሕ ነኝ» ብሎ ፍርዱን እንደገና መተረክ የይግባኙ ክርክር ነው፤ ጊዜውም ገና ነው። በእግዱ ቀን የሚነገረው የይግባኙ ነጥብ ምን እንደሆነ፣ እግዱ ባይሰጥ ምን ጉዳት እንደሚደርስና ማን ዋስ እንደሚሆን ነው።

በክረምቱ የፍርድ ቤት ዕረፍት መደበኛ ችሎቶች ሲዘጉ አስቸኳይ ጉዳዮችን ተረኛ ችሎት ያያቸዋል። «ዕረፍት ስለሆነ አይታይም» ብሎ እስከ ጥቅምት መጠበቅ አያስፈልግም፤ አቤቱታው ተረኛ ችሎት እንዲመለከተው ማመልከት ይቻላል።

ደረጃ 9፦ ትእዛዙን ማረሚያ ቤት ማድረስ

ዳኛው «ታግዷል» ማለቱ ብቻውን በር አይከፍትም። የሚከፍተው ማረሚያ ቤቱ የሚቀበለው፣ ማኅተም ያለበት የጽሑፍ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ከመውጣቱ በፊት ዋሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይፈርማል ወይም ገንዘቡን ያስይዛል። ከዚያ ትእዛዙ የታሳሪውን ሙሉ ስም፣ የሁለቱን መዝገቦች ቁጥርና የእግዱን ቃል ይዞ ይወጣል።

ትእዛዙ ከፍርድ ቤቱ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ይነበብ። ተቀጪው በሌላ መዝገብም የሚፈለግ ከሆነ ማረሚያ ቤቱ በዚያኛው ምክንያት ሊያቆየው ይችላል፤ ይህ እግድን መጣስ ሳይሆን ሌላ ጉዳይ ነው። ሌላ ምክንያት ከሌለና ትእዛዙ ሳይፈጸም ከቀረ ማረሚያ ቤቱ የተቀበለበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ ለሰጠው ችሎት ማመልከት ነው።

ቅጣቱ ከእስራት ሌላ ካሳ ወይም ወጪ መክፈልን የሚጨምር ከሆነ የእስራቱ እግድ እነዚህን በራሱ አይሸፍንም። አቤቱታው ላይ ተለይተው መጠየቅ አለባቸው፤ ትእዛዙም ተለይተው መታገዳቸውን መናገር አለበት።

ደረጃ 10፦ ከእግዱ በኋላ

እግድ ያገኘ ሰው በእያንዳንዱ ቀጠሮ መቅረብ አለበት፤ ይግባኙ የሚታየው ባሕር ዳር ቢሆንም እንኳ። መንገድ የተዘጋ እንደሆነ ከቀጠሮው በፊት በጠበቃ ወይም በቤተሰብ በኩል ለችሎቱ ማሳወቅና ማስረጃ መያዝ ያስፈልጋል። ከአንድ ቀጠሮ ያለ ምክንያት መቅረት እግዱን ሊያስነሳ፣ ዋሱን ሊያስከስርና ይግባኙን ሊጎዳ ይችላል። አድራሻ ከተለወጠ ማስመዝገብ፣ ዳኛው ከወረዳው መውጣትን ከከለከለም ትእዛዙን ማክበር ግዴታ ነው።

እግዱ ከተከለከለ ነገሩ አላበቃም። ይግባኙ ራሱ መታየቱን ይቀጥላል፤ ቀጠሮው እንዲፋጠን ማመልከት ይቻላል። አዲስ ሁኔታ ሲፈጠር፣ ለምሳሌ ከባድ ሕመም ሲገጥም ወይም ይግባኙ በመዘግየቱ ቅጣቱ ወደ ማለቁ ሲቃረብ፣ አዲስ የእግድ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ያንኑ አቤቱታ ቀኑን ብቻ ቀይሮ መመለስ ግን ያንኑ መልስ ያስገኛል።

ይግባኙ ተሸንፎ ጉዳዩ ወደ ሰበር ሰሚ ችሎት ከሄደ በይግባኙ ጊዜ የተሰጠው እግድ አብሮ አይሄድም። ሰበር መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ የሚያይ ችሎት ነው፤ የራሱ የጊዜ ገደብ አለው፤ እግዱም ለብቻው መጠየቅ አለበት። ይግባኙ አሸንፎ ፍርዱ ከተሻረ ዋስትናው እንዲወርድና የተያዘው ገንዘብ ወይም ሰነድ እንዲመለስ ማመልከት ይቀራል። ይህን የረሳ ዋስ ነጻ በወጣ ሰው ጉዳይ ንብረቱ እንደተያዘ ይቆያል።

ከእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ሊመለስ የማይችለው ሦስተኛው ነው። ዋስ ዘግይቶ ሊገኝ ይችላል፤ አቤቱታ ሊታረም ይችላል፤ ያለ ምክንያት ያለፈ 15 ቀን ግን አይመለስም። ፍርዱ በተሰማ ማግስት ወደ መዝገብ ቤት መሄድ ከዚህ መመሪያ ቀዳሚው ሥራ ነው።